የአንድ ቁስለኛ የሆስፒታል ቀናት ፍለጋ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የመጽሔቱ አዘጋጆች በዚህ ዓመት ከሙያችን አጥር ጥቂት ወጣ ያለ ርእስ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ፣ በትርፍ ጊዜዬ ስከታተለው የቆየሁትን አንድ ፍለጋ ላካፍላችሁ ወሰንኩ። ቅድመ አያቴ በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ዘምተው ቆሰሉ፤ በአንድ የጦር ሜዳ ሆስፒታልም ተኙ። የፍለጋው ዓላማ ሆስፒታሉ የትኛው እንደ ነበረና በየትኞቹ ቀናት እንደ ተኙበት ለይቶ ማወቅ ነው።

ነገሩ ለቤተሰባችን ከማወቅ ጉጉት ያለፈ ነበር። ቅድመ አያቴ ወደ አገራቸው ወደ መንዝ የተመለሱት የማይጨው ጦርነት ከመደረጉ በፊት ነው። ከመንደራቸው አብረዋቸው ከዘመቱት መካከል ማይጨው ላይ የቀሩ ነበሩና፣ የሟቾቹ ዘመዶች «ጦሩን ትቶ በሌሊት ወደ ቤቱ ገባ» ብለው «ኒቆዲሞስ» የሚል ቅጽል ስም አወጡላቸው። በሌሊት ወደ ጌታ የሄደውን የአይሁድ አለቃ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው የስሙ ምጸት ግልጽ ነው። ስሙ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቃቸውም፤ በግጦሽ መሬት ጠብ በተነሣ ቁጥር ልጆቻቸው ሳይቀሩ ይሰደቡበት ነበር። ከነጻነት በኋላም ዘማቾች ምስክር ሲጠየቁ፣ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር ማለታቸውን የሚያረጋግጥ ወረቀትም ሰውም አላገኙም። እንግዲህ ጥያቄው ሰውየው ሸሹ ወይስ አልሸሹም የሚል ነው፤ መልሱም ያለው በሆስፒታሉ ቀናት ውስጥ ነው።

እንደዚህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው የሆስፒታሉ መዝገብ ነው። በመዝገቡ ላይ የበሽተኛው ስም፣ የገባበት ቀን፣ የቁስሉ ዓይነት፣ የወጣበት ቀን ይገኛል ብለን እንጠብቃለን። ይሁን እንጂ በዚያ ጦርነት ጊዜ ወደ አገራችን መጥተው ያገለገሉት ሐኪሞች ያሳተሟቸው ማስታወሻዎችና ሪፖርቶች የሐኪሞቹን ስም፣ የመድኃኒቱን ሣጥን ብዛት፣ በጉዞ ላይ የተሰበረችውን መኪና ሳይቀር ሲዘረዝሩ፣ በሽተኛውን ግን «አንድ ወታደር»፣ «አንድ ሽማግሌ» እያሉ ነው የሚያልፉት። በስም ፍለጋ ብቻ የገባ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ነገር ግን ማንኛችንም የቅየሳ ትምህርት የወሰድን ሰዎች እንደምናውቀው፣ ችካል ያልተተከለበትን ነጥብ ከሦስት የታወቁ ነጥቦች አይቶ በካርታ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። እኔም ቴዎዶላይቱን በቤተሰቡ ትዝታና በታተመው ታሪክ መካከል ተከልኩት ማለት እችላለሁ።

በዚያ ጦርነት የቆሰለ ኢትዮጵያዊ ወዴት ይወሰድ እንደ ነበር ለመረዳት አስቀድሞ «አምቡላንስ» የሚለውን ቃል ማስተካከል ያስፈልጋል። ዛሬ አምቡላንስ ስንል በሽተኛ የምታመላልሰውን መኪና ማለታችን ነው። በዘመኑ አነጋገር ግን አምቡላንስ ማለት ሐኪሞቹ፣ ድሬሰሮቹ፣ ድንኳኖቹ፣ የቀዶ ጥገናው ጠረጴዛና የጭነት መኪናዎቹ ሁሉ ተጠቃለው የሚጠሩበት ተንቀሳቃሽ ሆስፒታል ነበር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጦርነቱ የተጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ማኅበሩ ለመዘጋጀት ያገኘው ጊዜ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። በሕክምና የተመረቀ ኢትዮጵያዊ ማግኘት እጅግ አዳጋች ነበር፤ ስመ ጥሩው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም በዚያ ጊዜ ለንደን ውስጥ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ለአገራቸው ይሟገቱ ነበር። ከዚህም የተነሣ ማኅበሩ ራሱ ያቋቋማቸው አምቡላንሶች በውጭ አገር ሐኪሞች የሚመሩ ሆኑ፤ ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ እንግሊዝ፣ ሆላንድ፣ ፊንላንድና ግብፅም የየራሳቸውን የሕክምና ቡድን ላኩ። ይህ ሁሉ ተደምሮ በመቶ ሺህ ለሚቆጠር ሠራዊት ነበር። አብዛኛው ቁስለኛ ከሐኪም እጅ ሳይደርስ በየመንገዱ ቀርቷል፤ የደረሰው ሰው ዕድለኛ ነው። እግረ መንገዴን ልጥቀስ፤ ቁስሉን ያጠቡት፣ የበሽተኛውን ቋንቋ ለሐኪሙ ያስተረጎሙት፣ ሌሊት ቃሬዛ የተሸከሙት ኢትዮጵያውያን ድሬሰሮችና ሠራተኞች ስማቸው ከበሽተኞቹ ስም የበለጠ ተመዝግቦ አላየሁም።

የቤተሰቡን ትዝታ የሰበሰብኩት በ2010 ዓ.ም. ነው። ዋናዋ ምስክሬ የአያቴ ታላቅ እህት ነበሩ፤ እኛ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። አባታቸው ከዘመቻ ሲመለሱ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ስጠይቃቸው ዘጠና ሁለት ዓመታቸው ነበር። የነገሩኝን ሳሳጥረው እንዲህ ነው። አባታቸው የዘመቱት ከመሐል ሠፋሪው ጋር በጦር ሚኒስትሩ በራስ ሙሉጌታ ሥር ነው። የተኙት በድንኳን ውስጥ ሲሆን፣ ሐኪሞቹ ነጮች ነበሩ። በሜዳው ላይ ትልቅ መስቀል ያለበት ጨርቅ ተዘርግቶ ነበር፤ አይሮፕላን መጥቶ ጨርቁን እያየ ሆስፒታሉን በቦምብ ደበደበው። ጥይት አልመታቸውም። ቁስላቸው ውስጥ እግራቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ነበር፤ «ጤዛ መስሎኝ ረገጥኩት» ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጫማ ማድረግ አልቻሉም። ከሞት የተረፉበትን ቀን ምክንያት በማድረግም ቤተሰቡ በየዓመቱ የመርቆሬዎስን ዝክር ያወጣ ነበር።

መርቆሬዎስ በወር በ25 ይታሰባል። ይህ ለፍለጋዬ የመጀመሪያው የታወቀ ነጥብ ሆነ፤ የጠቡም መነሻ እርሱ ነበር። ዝክሩ የቀረው ቅድመ አያቴ ሚስት ሲሞቱ ነውና፣ ወሩ የትኛው እንደ ነበረ ሁለቱ የቤተሰባችን ወገኖች አይስማሙም። እማማ የካቲት ነው አሉ። አንድ አጎቴ ግን የመርቆሬዎስ ዓመታዊ በዓል ኅዳር 25 ቀን ስለሆነ ዝክሩም የኅዳር ነው ሲሉ ተከራከሩኝ። አጎቴ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ክርክራቸውም ባዶ አልነበረም።

በሰሜንም በደቡብም በአይሮፕላን የተደበደቡ የሕክምና ቦታዎች ብዙ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ዝናቸው የተሰማው ሦስቱ ናቸው። አንደኛው ደሴ ነው፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማይቱ ስትደበደብ ቀይ መስቀል ያለበት የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልና በዙሪያው የነበሩት ድንኳኖች ተመትተዋል። ሁለተኛው መልካ ዲዳ ነው፤ ታኅሣሥ 20 ቀን በገናሌ ወንዝ አጠገብ የነበረው በዶክተር ፍሪዴ ሂላንደር የሚመራው የስዊድን አምቡላንስ ተደበደበ፤ አንድ ስዊድናዊ ረዳትና በርካታ ኢትዮጵያውያን በሽተኞች ሞቱ። ሦስተኛው ቆረም ነው፤ የካቲት 25 ቀን በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ አምቡላንስ ተደበደበ። እንግዲህ አጎቴ የኅዳር 25ን በዓል ከደሴው ኅዳር 26 ጋር አያይዘው «በበዓሉ ማግስት ነው የተረፈው» ሲሉ፣ እማማ ደግሞ የካቲት 25 ሲሉ፣ ሁለቱም ከታሪኩ ጋር የሚገጥም ነገር ይዘው ተገኙ።

እዚህ ላይ ስለ ዘመን ቆጠራ አንድ ነገር ማሳሰብ አለብኝ፤ የውጭ መጻሕፍትን የሚያነብ ሰው ሁሉ የሚሰናከልበት ቦታ ነውና። 1927 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለ ነበረ ጳጉሜን 6 ቀን ሆነች፤ የ1928 ዘመነ ዮሐንስ ዕንቁጣጣሽም በፈረንጆቹ መስከረም 12 ቀን ዋለ። ስለዚህ እስከ የካቲት 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ድረስ ያሉት ቀናት ከተለመደው ማነጻጸሪያ ሰንጠረዥ በአንድ ቀን ይለያሉ፤ ከዚያ በኋላ ፈረንጆቹም በየካቲታቸው አንድ ቀን ስለ ጨመሩ ልዩነቱ ይጠፋል። በተለመደው ሰንጠረዥ የሚያሰላ ሰው ደሴን ኅዳር 27፣ መልካ ዲዳን ታኅሣሥ 21 ያደርጋቸዋል። ልዩነቱን አውቆ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚወስድ ደግሞ ቆረምን ወደ የካቲት 24 ይጎትታል። የአንድ ቀን ስሕተት በሌላ ጊዜ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃችሁ የቅዱስ ቀን በሆነ ጊዜ ግን ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል።

የኅዳርንና የየካቲትን ክርክር የፈታልኝ እማማ ሳያስቡት የጣሉት አንድ ቃል ነው። ዝክሩ ምን ይመስል እንደ ነበር እየነገሩኝ ሳሉ፣ «ልጄ፣ አንዳንዱ ዓመት በዶሮ፣ አንዳንዱ ዓመት በሽሮ ነበር፤ ጾሙ ቀደም ሲል እናቴ ታዝን ነበር» አሉ። ልብ በሉ፤ ኅዳር 25 ምንጊዜም በነቢያት ጾም ውስጥ ነው፤ የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ቀን ነውና። ጾሙን በሚጠብቅ ቤት የኅዳር 25 ዝክር አንድም ዓመት በዶሮ ሊሆን አይችልም። ዐቢይ ጾም ግን እንደ ዓመቱ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚገባ፣ የካቲት 25 አንዳንድ ዓመት በፍስክ፣ አንዳንድ ዓመት በጾም ይውላል። አንዴ ዶሮ፣ አንዴ ሽሮ ሊሆን የሚችለው የየካቲቱ ዝክር ብቻ ነው። አጎቴም ይህን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ «ሴቶቹ የሚያውቁትን እኛ አናውቅም» አሉኝ።

ሁለተኛው የታወቀ ነጥብ እግራቸው ነው። ጤዛ የሚመስል፣ ሲረግጡት የማያቃጥል፣ በኋላ ግን ቆዳን ልጦ የሚያነሣ ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል ዛሬ ግልጽ ነው። ኢጣልያኖች በሰሜን ግንባር ይፔሪት የተባለውን መርዝ በአይሮፕላን መጣል የጀመሩት በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ በተከዜ አካባቢ ነው። ሲ 500 ቲ ይሉት የነበረው ቦምብ ከ200 ኪሎ በላይ መርዝ ይዞ ከመሬት 250 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንዲፈነዳ ሆኖ የተሠራ ነበር። የሚረጨው ነገር ጋዝ ይባል እንጂ በአብዛኛው ቅባት መሰል ፈሳሽ ነው፤ በሣሩና በድንጋዩ ላይ እንደ ነጠብጣብ ይተኛል፣ በብርድ አገር ቶሎ አይተንም። የነካው ሰው ወዲያው ሕመም አይሰማውም፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ይገለባል። ጫማ የለበሰ ጦር ከዚህ በከፊል ይጠበቃል። የእኛ ጦር አብዛኛው በባዶ እግሩ ነበር። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር መርዙ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ የተቃጠሉ ሰዎች ምስክርነት ሐሰት ሲባል ኖሯል።

የእግራቸው ነገር ደሴን ከዝርዝሩ ያወጣል። በኅዳር 26 ቀን በሰሜን ግንባር መርዝ ገና አልወረደም፤ ስለዚህ በዚያ ቀን ደሴ ላይ እግሩ በይፔሪት የተቃጠለ ቁስለኛ ሊኖር አይችልም። መልካ ዲዳ ደግሞ የራስ ደስታ ዳምጠው ግንባር ነው። ከራስ ሙሉጌታ ጋር ወደ ሰሜን የዘመተ ሰው በምን መንገድ ገናሌ ይደርሳል? የቀረው ቆረም ብቻ ነው።

ቆረም ግን ተርፎ የቀረ በመሆኑ ብቻ መቀበል የለበትም፤ በራሱ መለካት አለበት። የአምባ አራዶም ጦርነት የተደረገው ከየካቲት 2 እስከ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የራስ ሙሉጌታ ጦር ከተሰበረ በኋላ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ አይሮፕላኖች በየመተላለፊያው እየተከተሉ ቦምብና መርዝ አወረዱበት፤ ራስ ሙሉጌታም በዚያው ሽግሽግ ላይ ሞቱ። ከአምባ አራዶም እስከ ቆረም በቀጥታ መስመር 95 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሥራ ጉዳይ በአላማጣና በቆረም መካከል ባለው በግራ ካሕሱ መንገድ ባለፍኩበት ጊዜ ቆረም ላይ ወርጄ ሜዳውን አይቻለሁ። ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ በተራሮች የተከበበ ገላጣ ሜዳ ነው፤ ከሰሜን በኩል የአሸንጌ ሐይቅ አለ። (በ1977 ዓ.ም. በዚሁ ቆረም በረኀብ የተጎዱ ወገኖቻችን መጠለያ ተተክሎ እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ።) ለአንድ መሐንዲስ ሜዳው ለድንኳን ተስማሚ ነው፤ ጠፍጣፋ፣ ለመኪና የሚመች። ከላይ ለሚመለከት አብራሪም እንዲሁ ግልጥ ነው። በዚያ ላይ የተዘረጋ የቀይ መስቀል ምልክት ከተራ ድንጋይ ጋር ሊምታታ አይችልም።

የእንግሊዝ አምቡላንስ አባል የነበሩት ዶክተር ማክፊ የዕለት ማስታወሻቸውን በዚያው ዘመን አሳትመዋል። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ ማርሴል ዡኖም ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለ ቆረም ጽፈዋል። ሁለቱም የሚመሰክሩት በቆረም የነበሩት ቁስለኞች ብዙዎቹ በጥይት የተመቱ ሳይሆኑ ቆዳቸው የተቃጠለ፣ ዓይናቸው የታወረ፣ እግራቸው የቆሰለ ሰዎች እንደ ነበሩ ነው።  ማርከሻ የለውም፤ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ መጠበቅ ብቻ ነው። የካቲት 25 ቀን ረቡዕ ዕለት አንድ አይሮፕላን በሠፈሩ ላይ ከዞረ በኋላ ቦምቡን አወረደ፤ ድንኳን ውስጥ ከተኙት በሽተኞች የሞቱ አሉ። የኢጣልያ መንግሥት በዚያ ዘመን የሰጠው መልስ ኢትዮጵያውያን በቀይ መስቀል ምልክት ሥር ጦር ይደብቃሉ የሚል ነበር። ምልክቱን ያለ አግባብ የተጠቀመ ሰው በየትኛውም ጦርነት አይጠፋም እንበል። ይህ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በገላጣ ሜዳ ላይ የታወቀ የእንግሊዝ ሆስፒታል መደብደብን አያስረዳም። ዶክተር ሜሊ ራሳቸው ከዚህ ድብደባ ተርፈው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ በዝርፊያው ጊዜ ቁስለኛ ሲረዱ በጥይት ተመትተው ሞቱ።

አሁን ወደ ቅጽል ስሙ ልመለስ። እስከዚህ ድረስ ቤተሰባችን «ኒቆዲሞስ» የሚለውን ስድብ የሚረዳው በሌሊት ስለ መጡ ነው ብሎ ብቻ ነበር። እማማ ግን አባታቸው የገቡበትን ሌሊት ሲያስታውሱ በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን መሄዳቸውንና ካህኑ የኒቆዲሞስን ወንጌል ማንበባቸውን ጨመሩልኝ። ስሙ የወጣው በዚያ ሰንበት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ኒቆዲሞስ የዐቢይ ጾም ሰባተኛው ሰንበት ነውና ስድቡ ቀኑን ይዞ ኖሯል ማለት ነው። በባሕረ ሐሳብ ስናሰላው የ1928 ዓ.ም. ወንበር 17፣ አበቅቴ 7፣ መጥቅዕ 23 ይሆናል፤ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል። ኒቆዲሞስ ስለዚህ መጋቢት 20 ቀን ነው። የማይጨው ጦርነት የተደረገው መጋቢት 22 ቀን ማክሰኞ ነው። ቅድመ አያቴ ቤታቸው የገቡት ከጦርነቱ ሁለት ቀን አስቀድሞ ነው ማለት ነው፤ ሰዎቹ በዚህ በኩል አልተሳሳቱም።

ከየካቲት 25 እስከ መጋቢት 20 ድረስ 25 ቀን ነው። ከቆረም እስከ መንዝ በቀጥታ መስመር 240 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ለተራራ መንገድ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ብንይዝለት 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በቀን 14 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ይህ ጤነኛ እግረኛ ከሚሄደው ከግማሽ በታች ነው፤ የተቃጠለ እግር በፋሻ ጠቅልሎ በሰው በቅሎ ላይ ለሚጓዝ፣ ያውም አይሮፕላን በመፍራት ሌሊት ሌሊት ብቻ ለሚሄድ ሰው ግን የሚታመን ፍጥነት ነው። በሌሊት መግባታቸውም ከዚህ የመጣ ነው። የሚሸሽ ሰው በሃያ አምስት ቀን ሳይሆን በአሥራ ሁለት ቀን ይደርስ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ፣ ቅድመ አያቴ ሸሹ የሚባለው ከየትኛው ጦር ነው? የዘመቱበት የራስ ሙሉጌታ ጦር በየካቲት ውስጥ ተበትኗል፤ አዛዡም ሞተዋል። ማይጨው ከቆረም በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም፣ እዚያ የተዋጋው ጦር ንጉሠ ነገሥቱ ይዘውት የመጡት ሌላ ጦር ነው። የተኙበት ሆስፒታል በቦምብ ተመትቷል፤ መቆም የማይችል ቁስለኛ ከዚያ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ከመሄድ ሌላ ምን ትእዛዝ ይጠብቅ ነበር?

ይህን ለእማማ በተራ በተራ አስረዳኋቸው። ሲጨርሱ ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን፣ «እኔ እግሩን ሳጥብለት ኖሬያለሁ፤ ማስረጃው እሱ ነበር። ለነዚያ ሰዎች ንገራቸው» አሉኝ። እነዚያ ሰዎች ከሞቱ ቆይቷል። ስለዚህ ሒሳቡን ከነካርታው በአማርኛ ጽፌ ለመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ሰጠሁ፤ አንዱንም ቅጂ «ኒቆዲሞስ» ብለው ይሳደቡ ከነበሩት ወገን ለሆነ አንድ እኩያዬ በእጁ አደረስኩት። ሳቀና፣ «የእኛም ማይጨው የቀረው ሰው የት እንደ ወደቀ በዚሁ መንገድ ፈልግልን» አለኝ። ይህን ሥራ ጀምረነዋል።

ከእናንተ መካከል እንደዚህ ያለ ፍለጋ የምትጀምሩ ብትኖሩ፣ በጽሑፍ በኩል መንገዱ ከቀድሞው ይልቅ ቀሏል። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ በጄኔቭ ያሉት አጠቃላይ መዛግብቱ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ያሉት ለተመራማሪ ክፍት ናቸው። የመንግሥታት ማኅበር መዛግብት፣ አገራችን ስለ ሆስፒታሎቹ መደብደብ ያቀረበቻቸውን አቤቱታዎች ጨምሮ፣ በኮምፒዩተር ሊነበቡ ይችላሉ። የስዊዙ ታሪክ ጸሐፊ ራይነር ባውደንዲስቴል በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ በዚህ ጦርነት ስለ ቀይ መስቀል ሥራ ከተጻፉት ሁሉ ለእኔ የጠቀመኝ ነው። ስትጽፉ ግን የሰው ስም ብቻ ልካችሁ መልስ አትጠብቁ፤ ቦታውን፣ የአምቡላንሱን አገርና ቀኑን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር አድርጋችሁ ላኩ።

አንድ ልመና ብቻ ይቀረኛል። በ1928 ዓ.ም. አያቶቻችሁ ወይም ቅድመ አያቶቻችሁ በሰሜን ግንባር የዘመቱ፣ በተለይም በራስ ሙሉጌታ ሥር የነበሩ ካሉ፣ በቤታችሁ ከዚያ ዘመቻ ጋር የተያያዘ ዝክር ወይም ስእለት እንዳለ ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቁልኝ። የቅዱሱን ስም፣ ወሩን፣ ዝክሩ በጾም ይሁን በፍስክ፣ እንዲሁም ሰውየው ወደ ቤቱ የገባበትን ሰንበት ጽፋችሁ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በኩል ብትልኩልኝ፣ ከሐኪሞቹ ማስታወሻ ጋር አስተያይቼ ያገኘሁትን ለእያንዳንዳችሁ እመልሳለሁ። ሴቶቹንም ጠይቁ።